ቼልሲ የሄድኩት ለኳስ አይደለም

ልደታ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሳያስበው የጦር ታሪክ ሲሰማ ይውላል። አንዱ ወያላ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች፣ አንድ ሰው!» ይላል። ሌላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። ሦስተኛው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጥቁር አንበሳ፣ ፒያሳ!» እያለ ያልፋል። ከኋላ ወንበር ደግሞ «ባልቻ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል የደከመ ድምፅ ይሰማል። ከአራቱ ውስጥ ጦርነት ያልነካው ስም የለም። ግን ማንም ስለ ጦርነት አያስብም፤ ሁሉም የሚያስበው ወያላው መልስ ይሰጠኛል ወይስ ይረሳኛል እያለ ነው።

ሜክሲኮን እንውሰድ። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ዓለም ፊቱን አዙሮ ሳለ፣ ወረራውን አልቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አደባባዩ የውለታ ምላሽ ነው። እነሱም በበኩላቸው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ እኛ ሜክሲኮ ላይ ሞባይላችንን ስንሰረቅ እነሱ ኢትዮጵያ ላይ ይሰረቃሉ ማለት ነው። ወዳጅነት እንዲህ ነው።

ጥቁር አንበሳም ከሆስፒታል በፊት የአርበኞች ማኅበር ስም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ውጭ የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ ወጥተው በዚህ ስም ተደራጁ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ዶክተር የተባሉት ታዲያ የከብት ሐኪም ስለነበሩ ነው። ይህን የሰፈሬ ሰዎች ሲሰሙ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ዘመን መኳንንት ይልቅ በቅሎ ማከም የሚችል ሰው ለዘማች ጦር ይበጃል ባይ ነኝ።

የደጃዝማች ባልቻ ነገር ደግሞ ሰፊ ነው። ልደታ አጠገብ ያለው ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራው ባልቻ አባ ነፍሶ በአድዋ ዘመቻ በመድፍ ስማቸው የተነሣ ጀግና ናቸው። ዛሬ ሰው «ባልቻ ሄጄ ነበር» ሲል ጀግንነቱን መንገሩ አይደለም፤ ራጅ ተነስቶ መምጣቱን ነው የሚነግርህ። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የአድዋው ሳይሆን የ1920 ዓ.ም. ታሪካቸው ነው። ከሲዳሞ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ አፋፍ ላይ ሰፈሩ። ራስ ተፈሪ ግብር ጠሯቸው። እሳቸው ግብር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሰፈር ለቀውት የመጡት ጦር በገንዘብ እየተሸኘ ተበተነ። ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነው። መድፍ ያልፈታውን ጦር ብር ፈታው። ኋላ ግን፣ ሸምግለው ሳለ፣ ጣሊያን ሲመጣ ተነሥተው እየተዋጉ ሞቱ።

እንዲህ የታክሲ መውረጃ መቁጠር የጀመርኩት ለንደን ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ነው።

ለንደን የወሰደችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ግብዣ ላከች፤ ወረቀት ተሞላ፤ የባንክ ሂሳቤን እኔ ራሴ ካየሁት በላይ ሰው አየው፤ በመጨረሻ ቪዛው ተመታ። እህቴ ቅዳሜም እሑድም ሥራ ስለምትገባ እኔን የማዞሩ ኃላፊነት የወደቀው በአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ላይ ነው። ልጁ ረጅም ነው፤ ጨዋ ነው፤ አማርኛውን ግን የተማረው ከእናቱ ቁጣ ስለሆነ «ተው!»፣ «ና ብላ!»፣ «ስልኩን አስቀምጥ!» የሚሉትን ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእጁ እያገዘ ነው።

«አጎቴ፣ ዛሬ ቼልሲ እንሂድ» አለኝ።

እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ልደታ ውስጥ ይህ እንደ ደብር ነው፤ አይቀየርም። ቼልሲ ሜዳ ገብተሃል ተብሎ ሰፈር ቢሰማ ጀበና ቡና የሚያጠጣኝ አላገኝም። ፊቴ መለወጡን አይቶ ሳቀና ኳስ እንዳልሆነ አስረዳኝ፤ ቼልሲ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የብሔራዊ ጦር ሙዚየም አለ፤ ከትምህርት ቤት ወስደዋቸው ነበር፤ ድመት አለ፤ ፈረስ አለ፤ የሰው ጣት አለ።

ለነገሩ ከአርሴናልም ብትሸሽ ከጦርነት አታመልጥም። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1886 ያቋቋሙት ዉልዊች የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «መድፈኞቹ» የሚሏቸውም ለዚሁ ነው። የልደታ ጎረምሳ ግማሹ ደረቱ ላይ መድፍ ለጥፎ በባልቻ በር ያልፋል፤ መድፈኛውን ግን አያውቃቸውም።

ሙዚየሙ መግቢያው በነፃ ነው። ይህ አስጨነቀኝ። በነፃ የሚባል ነገር መጨረሻው ላይ አንድ ነገር እንደሚያስከፍል እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። እህቴ ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራልኝ ነበር፤ ፈታሹ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አየው፤ አንዷን ፍሬ በጓንቱ ጫን ጫን አደረጋት፤ ጠንካራ ናት። ሙዚየም ውስጥ የገባ ጥይት ይሁን የሚበላ ነገር ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ልጁ አንድ ነገር አለው፤ ሰውዬው ሳቀና አሳለፈን።

የገባሁት ሰይፍና መድፍ አያለሁ ብዬ ነው፤ እሱም ሞልቷል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። እነዚህ ሰዎች ከጦር ሜዳ የሰውና የእንስሳ ቁራጭ ሳይለቅሙ አልተመለሱም። የናፖሊዮን ነው የሚባለው ማሬንጎ የተባለ ፈረስ አጽሙ ቆሟል፤ ዋተርሉ ላይ ማርከውት፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ሲሞት አጥንቱን አቆሙት። ትንሽ ፈረስ ነው። አውሮፓን ያስጨነቀ ሰው የሚቀመጥበት ስለሆነ የጃንሜዳን ሰጋር የሚያህል ጠብቄ ነበር፤ የገበያ ፈረስ ያህላል።

ከዚያ መጋዝ አለ። ዋተርሉ ላይ ሎርድ አክስብሪጅ የተባለው የፈረሰኛ አዛዥ እግሩን በመድፍ ሲመታ የተቆረጠበት መጋዝ ነው። የተቆረጠው እግር እዚያው መንደር ውስጥ ለብቻው ተቀብሮ፣ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ቆሞለት፣ ጎብኚ ይመጣለት እንደነበር ልጁ ከስልኩ አነበበልኝ። «ባለቤቱ በሕይወት እያለ?» አልኩት። «አዎ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል» አለኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ታዲያ ተዝካሩን ማን አወጣ የሚል ነበር።

ከመጋዙ ሌላ እውነተኛ የሰው ጣት አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤቨረስት ተራራ የወጣ የእንግሊዝ ወታደር በብርድ የተቆረጡ ጣቶቹን ራሱ ለሙዚየሙ ሰጥቷል። ጥቁር ናቸው፤ ምጣድ ላይ የቀረ ነገር ይመስላሉ። ልጁ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ሲመለከት እኔ ወደ ዋተርሉ ሞዴል ዞር አልኩ፤ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን የብረት ወታደሮች ሰፊ ክፍል በሚያህል ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል። አንድ ሰው፣ ሲቦርን የተባለ መኮንን፣ ዕድሜውንና ገንዘቡን የጨረሰበት ሥራ ነው። የኛ ሰው ቢሆን በዚያ ገንዘብ ጂ ፕላስ ቱ ይሠራበት ነበር።

ድመቷን ያየሁት በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ግን ረጋ ብለን እንሂድ።

ድመቷ፣ ወንድ ስለሆነ ድመቱ ልበለው፣ ቶም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1855 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የሩሲያን የሴቫስቶፖል ከተማ ከረጅም ከበባ በኋላ ሲይዙ አንድ ምድር ቤት ውስጥ አገኙት። ከተማው ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ ወታደሩ ሲራብ ይህ ድመት ግን ወፍሯል። የሚወፍር ድመት ያለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ያለበት እህል አለ፤ ብለው ተከተሉት፤ የተደበቀ ስንቅ ጋ አደረሳቸው። መኮንኖቹ ይዘውት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሲሞትም ቆዳውን ሞልተው አቆሙት። አሁን መስታወት ውስጥ ተቀምጦ የሚያይህ እሱ ነው።

ሴቫስቶፖል። ማለትም ሴባስቶፖል!

እኔ ድመቱ ፊት ቆሜ የታየኝ የቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉ የቆመው መድፍ። ቶም ምድር ቤት ውስጥ አይጥ በሚያሳድድበት በዚያው በ1855 ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነግሠዋል። የዚያ ከበባ ወሬ ኢትዮጵያም ደርሶ፣ ንጉሡ በኋላ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩትን ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ «ሴባስቶፖል» አሉት። በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ከአንድ ከተማ ውድቀት እንግሊዞች የጠገበ ድመት ተሸክመው ሲመለሱ፣ የኛ ንጉሥ ስሙን ብቻ ወስደው መድፍ አደረጉት። ሁለቱ ወገን ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መቅደላ ላይ ተገናኙ።

መድፉን ግን አልወሰዱትም፤ ከበዳቸው። ሌላውን ግን ወሰዱ። ጄኔራል ናፒየር ከህንድ ድረስ ዝሆን አስጭኖ መጥቶ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ያዘ፤ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ፤ ከዚያ ዘረፋው ሆነ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጥቶበት ገንዘቡን ወታደሩ ተካፈለው። ናፒየር ለዚህ ሥራው «የመቅደላው ሎርድ» ተብሎ ተሾመ፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ሐውልቱ ቆሟል። ከታቦቶቹ 11ዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ቤት ውስጥ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም እንዳያዩአቸው ተከልክሏል። ሊያዩት የማይፈቀድላቸውን ነገር ቁልፉን ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች በዓለም ላይ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በዚህ በጦር ሙዚየም በኩል ደግሞ የተቀመጠው ፀጉር ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር፣ ሁለት ቁራጭ። ሞተው ሳሉ ሥዕላቸውን የሣለ ሰው ይዞት የሄደ፣ ቤተሰቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሙዚየሙ የሰጡት። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ፤ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ ዶክተር ሂሩት ካሳው ተረከቡት። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ማመን አልቻለም።

«ፀጉር ለምን ይወስዳሉ?»

«ጣት ያስቀመጡ ሰዎች ፀጉር ይቀራቸዋል?»

«ሹሩባ ነበር?»

«ሹሩባ ነበር። እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የምታየው።»

አሰበ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጻፈ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ልዑል ዓለማየሁን አግኝቶ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከአባቱ ሞት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው፣ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 የሞተው፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የተቀበረው። አጽሙ ይመለስልን ብለን እ.ኤ.አ. በ2023 ስንጠይቅ ከቤተ መንግሥቱ የመጣው መልስ «አይሆንም» ነው።

«አጎቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፀጉሩን መለሱ፤ ልጁን አልመለሱም?»

ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። መብላት ክልክል ነው ብሎ ኪሱ ከተተው።

ንዴቴን ይዤ መውጣት ይገባኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ሙዚየም ይዤው የወጣሁት ቅናት ነው፤ እሱም በፈረሱም በሰይፉም አልነበረም። ስለ ድመቱ ልጁ ያነበበልኝን ልንገራችሁ። ይህ ቶም የተባለው ድመት እውነተኛው ቶም መሆኑን ሙዚየሙ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገደማ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ተገኝቶ የመጣ ነው፤ ሌላ ድመትም ሊሆን ይችላል። ይህን አይደብቁም። ድመቱን መስታወት ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ታሪኩን ይነግሩሃል፤ ቀጥለው ደግሞ «ይህ እሱ ላይሆን ይችላል» ይሉሃል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለ የጦርነት ተረኪ አይቼ አላውቅም። ልደታ ውስጥ ስለ ጦርነት የሚያወራ ሰው ሁሉ ቦታው ላይ ነበረ፤ ሁሉም ፊተኛ ነበረ፤ ሁሉም የገደለው ይበዛል፤ ድመቱም ቢሆን በርግጥ ያው ድመት ነው። ሰባኪያችን ብዙ ነው፤ «ይህን እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል የለንም።

ስንወጣ በአጠገቡ ባለው ግቢ ደጅ ቀይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች አየን። እ.ኤ.አ. በ1682 ቻርልስ ሁለተኛ የሚሉት ንጉሥ ያቋቋመው የጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ ነው፤ ሦስት መቶ ያህል አዛውንት ይኖሩበታል። ሲወጡ ቀይ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፤ ኒሻናቸውን ይደረድራሉ፤ ሰው ሰላም ይላቸዋል። አንዱ ለእኛም ባርኔጣውን ነካ አደረገ። የኛ ሻምበል ትዝ አለኝ።

ሻምበል የሚኖሩት ከእኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፤ ሻምበል ደግሞ በቀኝ ባታቸው ውስጥ ከሶማሌ ጦርነት የቀረ የመድፍ ፍንጣሪ አለባቸው። ስለዚህ ጠዋት አንዴ ከወረዱ እስከ ማታ አይወጡም። ካፖርታቸው ቀይ ሳይሆን አመድማ ነው፤ ኒሻናቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ከቤት ካርታው ጋር ተቀምጧል። ሰዓታቸውን ለሁለት ከፍለውታል፤ ግማሹን ታች ካለው ካፌ ማኪያቶ ይዘው ያወራሉ፤ ግማሹን ልደታ ፍርድ ቤት ይውላሉ፤ ከወንድሞቻቸው ጋር የአባታቸውን ርስት ጉዳይ ይዘው። ፍርድ ቤቱ ሰፈራችን አጠገብ መሆኑ ለእሳቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሌላው ሰው ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣበትን ክርክር እሳቸው በነጠላ ጫማ ይደርሱበታል።

ከለንደን እንደተመለስኩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የኛ አለ?»

«የምን፣ ሻምበል?»

«የካራማራ።»

የለም አልኩ። ፊታቸው አልተለወጠም። «መቼስ እነሱ የተዋጉትን ነው የሚያስቀምጡት» አሉና ማኪያቶአቸውን አማሰሉ። እንግሊዝ በመስታወት ካስቀመጠችው ውስጥ ካራማራ አለመኖሩ ግን ትንሽ ቅር እንዳሰኛቸው ለሚያውቃቸው ሰው ግልጽ ነበር።

በክረምቱ እህቴ ከነልጇ መጣች። ልጁ ሻንጣውን ሳይፈታ «የናንተ የጦር ሙዚየም የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፒያሳ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተመረቀው፤ እሱ ትልቅ ነው፤ ቀን ይፈልጋል አልኩት። ለዛሬ ሻምበልን አስቸግሬ ወደ ትግላችን ሐውልት ይዘነው ሄድን።

ትግላችን ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ቸርችል ጎዳና ዳር ነው። ሃምሳ ሜትር የሚረዝም ዓምድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ፣ ከፊቱ የወታደርና የሕዝብ ሐውልት፣ በግራ ቀኝ ደግሞ ከረሃቡ እስከ አብዮቱና ጦርነቱ የተቀረጸበት ግድግዳ። የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርገው በመስከረም 1977 ዓ.ም. መርቀውታል፤ የቀረጹት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። የሌኒን ሐውልት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በገመድ ሲወርድ ይኼኛው ቆሞ ቀረ። ሌኒን ባዕድ ነው፤ ይኼ ግን የሞተው የኛ ሰው ነው ተብሎ ሳይሆን አልቀረም። ግቢው ውስጥ በሶማሌው ጦርነት የሞቱ ኩባውያን ምስል አለ፤ ከመቶ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ከሀቫና መጥተው ጅጅጋ አካባቢ የቀሩ።

ሻምበል ሐውልቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አዩት። «ፊታቸው የኮሪያ ነው» አሉ። ከዚያ አንዱን የተቀረጸ ወታደር በዱላቸው ጫፍ እያሳዩ፣ «ይኼ ጦር ሜዳ አልነበረም» አሉ።

ልጁ፣ «እንዴት አወቅህ?» አለ። አንተ ብሎ ማውራቱን እህቴ ስትሰማ በቁንጥጫ ልታርመው ዘረጋች፤ ሻምበል ግን በእጃቸው ከለከሏት።

«ልብሱ ንጹሕ ነዋ። ኦጋዴን ውስጥ አቧራ ያልጠጣ ወታደር የለም። ካልሲያችንን ስናወልቅ ምድር ይመጣ ነበር።»

ከዚያ ስለ ካራማራ ነገሩት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ተራራውን የዞሩበትን፣ ታንኩን፣ ጅጅጋ የገቡበትን። እኔ ይህን ታሪክ ከሻምበል አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ታንኩ ባለፈው ዓመት አንድ ነበር፤ ዘንድሮ ሦስት ሆኗል። አልተናገርኩም፤ ጎረቤት ነን። ልጁ ግን እንደ ለንደን ልጅ እጁን አወጣ።

«ሻምበል፣ እውነት መሆኑን እንዴት እናውቃለን?»

እህቴ መሬቱ ቢከፈት ትገባ ነበር። ሻምበል ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው የቀኝ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። ባታቸው ላይ ያለው ጠባሳ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ዳሩ የሚያብረቀርቅ፤ ሲነኩት ከሥሩ ጠጣር ነገር ይንቀሳቀሳል። ልጁ ተንበርክኮ ነካው። ልክ ቼልሲ መስታወቱ ላይ እንዳደረገው አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋ።

«መስታወት የለውም» አለ በደስታ።

«ገና አልሞትኩማ!»

ካፌ ወስደናቸው ማኪያቶ አዘዝን። ልጁ ስለ ድመቱ፣ ስለ መጋዙ፣ ለሙዚየም ስለተሰጡት ጣቶች በእጁም በአፉም አጫወታቸው። ሻምበል በጥሞና ሰሙት። ስለ ድመቱ፣ «እኛ እንዲህ ያለ ድመት ብናገኝ ኖሮ አሥር አለቃ እናደርገው ነበር። ስንቅ የሚያገኝ ወታደር ከሚተኩስ ወታደር ይበልጣል» አሉ። ስለ መጋዙ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ አንድ ሰው የተቆረጠበት መጋዝ ይታጠባል ወይስ አይታጠብም የሚለውን አብራሩልኝ አሉ፤ ልጁ እጠይቃለሁ አለ። ስለ ጣቶቹ ግን ዝም ብለው ቆዩ።

«ራሱ ነው የሰጣቸው?»

«ራሱ።»

«ከፈሉት?»

ልጁ ስልኩን አየ። አላገኘም።

«ስትመለስ ጠይቅልኝ» አሉት ሻምበል፤ ባታቸውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። «ይቺን ብረት ስንት ይገዙኛል? እውነተኛ ናት፤ ዶክተሩም በራጅ አይቷታል፤ ወረቀቷ አለኝ። እግሬን ግን አልሰጥም። ለሐሙስ ቀጠሮ ይፈለጋል።»